ወገቤን የጣሉት ጃፓናዊቷ መምህሬ አይደሉም

ውጭ አገር የተማርኩት ጁባ ነው። የተማርኩትም መውደቅ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ መርካቶ ፍራሽ ተራ የገባ ሰው አርባን ካለፈ በኋላ ተማሪ ሲሆን ያስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ለሣቅ አይደለም። ጁባ ያለን ሐበሾች የሚያመንን ነገር ከሐኪሙ ቀድመን የምናውቅ ሰዎች ነን። እኔንም አወቁልኝ። አውቀውልኝ ሊገድሉኝ ምንም አልቀራቸውም። ሌላው እንዳይደርስበት ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በንግድ ነው። ከካምፓላ ፍራሽና የብረት አልጋ እያመጣሁ ጁባ ገበያ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አጭር ጃፓናዊት ሴትዮ ሱቄ ገቡ። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የውኃ መሐንዲስ። ስማቸው ኦካዳ ነው። አብሯቸው ያለው ረጅም ልጅ ቾል ይባላል፤ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ አድጎ ሰላም ሲመጣ አገሩ የተመለሰ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል። ሾፌራቸው ነው። ሴትዮዋ ፍራሹን ሁሉ በእጃቸው እየተጫኑ፣ እያጠፉ፣ አንዱን መሬት አስነጥፈው በቡጢ ሲመቱት፣ «ቾል፣ እኚህ ሴትዮ ምን ሊያስተኙበት ነው?» አልኩት።

«ማንንም አያስተኙበትም፤ ይጥሉበታል» አለኝ።

ኮሎሎ መንገድ ላይ ካለ አንድ ባዶ መጋዘን የገዙኝን የፍራሽ ስፖንጅ አድርሼ፣ በላዩ ሸራ ወጥሬ ልሄድ ስል «ቆይና እይ» አሉኝ። ያን ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቾልን እጁን ይዘው ዞር ሲሉ ወለሉ ላይ አገኘሁት። አልመቱትም። አልገፉትም። አይኪዶ ይባላል፤ የጃፓኖች ትግል ነው። የሚመጣብህን ጉልበት አትመክተውም፤ ተቀብለህ፣ መንገድ ሰጥተህ፣ በራሱ ፍጥነት ታሳልፈዋለህ። ይሄማ ንግድ ነው አልኩ በሆዴ። በሳምንቱ ነጭ ልብስ አሰፍቼ ተመዘገብኩ። የሸጥኩትን ፍራሽ ጥራትም በገዛ ጀርባዬ አረጋገጥኩ።

ወግ አለው ትምህርቱ። ስትገባ ትሰግዳለህ። ግድግዳው ላይ ላለው የሽማግሌ ፎቶ፣ ጥበቡን ለመሠረቱት ሰውዬ፣ ትሰግዳለህ። ለሚጥልህ ሰው ትሰግዳለህ፤ ከጣለህ በኋላ ደግመህ ትሰግዳለህ። ከዚያ ተራ ነው፤ አንዴ ትጥላለህ፣ አንዴ ትወድቃለህ። መምህሬ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ቾል ሲተረጉመው «መጣል ማንም ይችላል፤ ወድቆ መነሣት የሚችለውን ነው የማስተምረው» ይላል።

ሐበሻው ወሬውን ለመስማት ጊዜ አልፈጀበትም። ጋሽ ሙሉጌታ ጠሩኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ኮሎሎ ሆቴል ያላቸው፣ ያለ እሳቸው ጁባ ላይ ሠርግም ለቅሶም የማይደገስ ሰው ናቸው።

«ለጃፓን ፎቶ ትሰግዳለህ አሉኝ?»

«ለሰላምታ ነው፣ ጋሽ ሙሉጌታ።»

«ሰላምታ እጅ መጨበጥ አይበቃም? እሺ ይሁን፤ ልትሰባበር ከሆነ ደግሞ አጥንት ይኑርህ። ይሄ የመርካቶ አጥንትህ በሽሮ የቆመ ነው። ወተት ጠጣ። የታሸገውን አላልኩህም፤ ረጃፍ ውረድ፣ ላሟ ሥር ሆነህ ጠጣ። እንዳታፈላው! ሲፈላ ጉልበቱ በእንፋሎት ይሄዳል።»

ይህን ምክር አልናቅኩትም። ማንኛችንም አንንቀውም፤ ከልጅነታችን የሰማነው ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦዳ ቦዳ ሞተር ይዤ ረጃፍ እወርዳለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነጭ ዓባይ ዳር ያሉት ከብት ጠባቂዎች ሞቅ ያለውን በቅል ይቀዱልኛል። በሥራ ቀን ደግሞ አንዲት ሴት ሎሎጎ ቤታችን ድረስ በጀሪካን ታመጣለች። ባለቤቴ ብርቄ ከእሱ ለሻይ አፍልታ ትወስዳለች፤ ለእኔ ጥሬውን በትልቅ ኩባያ። ነጋ ጠባ።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ላብ ነው። ጁባ ማን አያልበውም ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሲመሽ ትኩሳት፣ ሲነጋ ጤና። ራስ ምታት፤ ምግብ መጥላት። በኋላ ወገቤን ያዘኝ። እንደ ሥራ ድካም አይደለም፤ ውስጡ የተቀመጠ ሰው በጉጠት የሚነክስ ይመስላል። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ዳሌዬ ወረደ። ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ከተቀመጥኩበት ለመነሣት ጠረጴዛ እይዛለሁ፤ መነሣትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው!

የመጀመሪያው ክሊኒክ ገበያው ውስጥ ነው። ጁባ ላይ ክሊኒክ ገብተህ ወባና ታይፎይድ ሳትባል ከወጣህ ገንዘብህን መመለስ አለባቸው። ወባም ታይፎይድም አሉኝ። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ወጉኝ። ለሳምንት ተሻለኝ፤ መልሶ መጣ። ተመልሼ ሄድኩ። «አዲስ ወባ ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ስሄድ የላብራቶሪው ልጅ ጣቴን ሳይወጋ ውጤቱን መጻፍ ጀመረ። እውነቴን ነው። «ወንድሜ፣ ቢያንስ ውጋኝና ዋሸኝ» አልኩት።

ሁለተኛው ክሊኒክ ትልቅ ነው፤ ራጅ አለው። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ሥራዬን ጠየቀኝ። የፍራሽ ነጋዴ። ሌላስ? አይኪዶ። «እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ወገብህ ውስጥ ያለው ዲስክ ተንሸራቷል፤ ትግሉን ተው፤ ፍራሽ ላይ አትተኛ፣ ሳንቃ ላይ ተኛ። ገበያው ይህን ሲሰማ የሆነውን ተዉት። ፍራሽ ሻጩ ሳንቃ ላይ ነው የሚተኛው ብሎ የማይስቅ አልነበረም። አንድ ደንበኛዬ የሆነ የጁባ ሰው ፍራሽ ሊገዛ መጥቶ «አንተ ራስህ ያልተኛህበትን ልትሸጥልኝ ነው? ማፊ!» ብሎኝ ሄደ። ማፊ ማለት በእነሱ ዐረብኛ የለም፣ አይሆንም ማለት ነው። ለእኔ ሁሉ ነገር ማፊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ተገኘ። ጃፓናዊቷ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ፣ ወንበር ሳይስብ፣ «እሷ ናት የጣለችህ» ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ስግደቱን ያነሣሉ፤ ለባዕድ የታጠፈ ወገብ አይቃናም ይላሉ። እኔ እሳቸው ላይ መፍረድ እምቢ አልኩ። እምቢ ያልኩት ማስረጃ ስለነበረኝ አይደለም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ጥሎኛል፤ ሸሪክ ጥሎኛል፣ ጉምሩክ ጥሎኛል፤ ከጣለኝ በኋላ እጁን ዘርግቶ ያነሣኝና ጎንበስ ያለልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደዚህ ያለ ሰው በሐሜት አልሸጥም።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ጾመኛ ነኝ። ወተቱን ላቆም ስል ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው ጀሪካን ይዘው መጡ። «በሽተኛ አይጾምም። አጥንትህ እስኪገጥም ጠጣ፤ እጥፍ አድርገው።» ብርቄም አጠገቤ ቆማ ታጠጣኝ ጀመር። ጾም ገድፌ የጠጣሁት ወተት የቱን ያህል እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። ሰውነቴ ደግሞ እንደ ጧፍ እያለቀ ሄደ።

የሌሊቱን ነገር ባልናገር ይሻላል፤ ግን የታመመ ሰው ያነበዋልና ልናገር። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ፣ ሳንቃው ላይ በላብ ረጥቤ፣ ለመገላበጥ ብርቄን መቀስቀስ ነበረብኝ። የፈራሁት ሞቱን አልነበረም። የፈራሁት ሰው እያነሣ የሚያስቀምጠኝ ዕቃ ሆኜ መቅረቴን ነው። አንድ ነገር ብቻ እመኝ ነበር፤ ወደዚያ መጋዘን ምንጣፍ በእግሬ ሄጄ፣ ወድቄ፣ ማንም ሳይነካኝ መነሣት። ብርቄ ይህን ብነግራት እንደ ቅዠት ቆጠረችው።

ፋሲካ እንዳለፈ የሐበሻው ሽማግሌዎች ቤቴ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሙሉጌታ መሐል ተቀምጠዋል። እኔ ጥግ ላይ ሳንቃዬ ላይ ነኝ፤ ስለ እኔ ያወራሉ፣ እኔን አያዩም። አገሩ ይግባ ተባለ። ሱቁ ይዘጋ ተባለ። ብርቄ አልቅሳ ተስማማች።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተ ምን?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«እኔን የጠየቀኝ የለም። አልሄድም።»

«ምን ልትሆን ነው የምትቀረው?»

«ተማሪ ነኝ። ትምህርቴን አልጨረስኩም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትኩሳቱ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ አለ። ብርቄ ግን ተቆጣች፤ በእኔ ሳይሆን በመምህሬ። በማግስቱ ኮሎሎ መጋዘን ድረስ ሄዳ፣ በቾል አስተርጓሚነት፣ በአፏ የመጣውን ሁሉ ለቀቀችባቸው። ባሌን ልቀቂው፣ አንቺ ነሽ የሰበርሽው፣ አሁን ደግሞ አልሄድም የሚለው ባንቺ ነው። ቾል በኋላ እንደነገረኝ ግማሹን ብቻ ነው የተረጎመው፤ «ግማሹ እንግሊዝኛ የለውም» አለኝ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሴትዮዋ ከቾል ጋር ሎሎጎ መጡ። በራችን ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ብርቄ እስክትደነግጥ ድረስ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ግንባራቸው መሬት ሊነካ፣ ለእሷ ሰገዱላት።

«ኧረ አንሣት፣ ቾል! ምን ጉድ ነው? እኔ ታቦት ነኝ?»

«ይቅርታ እየጠየቁ ነው፣ እትዬ ብርቄ። ተማሪያቸው ታሞ እርስዎን መጥተው አለመጠየቃቸው ነውር ነው ይላሉ።»

ብርቄ አፏን ያዘች። ሻርፗን አስተካከለች። በጫማ መግባትን ልማድ ያደረጉት ሽማግሌዎች ትዝ ብለዋት እንደሆነ አላውቅም፤ ወንበር አቀረበችላቸው።

መምህሬ አጠገቤ ቁጭ ብለው ወገቤን ሳይሆን ግንባሬን ዳሰሱ። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ይተኩሳል? አሉ። ብርቄ አዎ አለች። ከዚያ ተናገሩ፤ ቾል ቃል በቃል ተረጎመው፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ጥያለሁ። ክንዱ የተሰበረ፣ ትከሻው የወለቀ አይቻለሁ። ሲመሽ ጠብቆ ትኩሳት የሚያመጣ ውድቀት ግን አይቼ አላውቅም። ከጣልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ይህን እኔ አልጣልኩትም።»

ብርቄ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቾልን፤ «ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ቾል። «ግን ሐኪም ወንድም አለኝ።»

ዶክተር ዴንግ የእናቱ ልጅ አይደለም፤ ኢታንግ በአንድ ድንኳን ያደጉ ናቸው። ከካምፑ ለትምህርት ኩባ ተልኮ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ጁባ ተመልሷል። ቾል ሲያደርሰን ክሊኒኩ ደጃፍ ዛፍ ሥር ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተኮልኩሏል። አግዳሚው ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ያየች አንዲት የሙንዳሪ ጎሳ ሴት ምንጣፏን ዘርግታ እንድጋደም ጠቆመችኝ፤ ከዚያ የራሷን የራጅ ፖስታ አውጥታ እያራገበች ዝንብ ትከላከልልኝ ጀመር። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ቋንቋዋን አላውቅም። ተራዋ ሲደርስ ወደ እኔ ጠቆመቻቸውና አስቀደመችኝ። ስሟን ሳልጠይቅ ገባሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ራጁን አየ፤ አስቀመጠው። ወሬ የሚመስል ጥያቄ ይጠይቃል።

«ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ጋሼ?»

«እንደ ጁባ መብራት።»

«ላብስ?»

«ፍራሽ ያበሰብሳል። እኔ ግን ሳንቃ ላይ ስለሆንኩ የሚበሰብስ የለም።»

«ወተት ትጠጣለህ?»

«እንዴታ!» አልኩት በኩራት። «ጁባ ላይ እንደ እኔ የጠጣ የለም።»

«ይፈላል?»

«የፈላማ ለሻይ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሣቀም ሊባል፣ አዘነም ሊባል ይችላል። «ጋሼ፣ እኔ የከብት ልጅ ነኝ። ከብቶቻችንን እወዳለሁ። ግን ያለ እሳት አላምናቸውም።»

ደም ወሰዱ። በማግስቱ ነገረን፤ ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከታመመ ከብት በጥሬ ወተቱ በኩል ወደ ሰው የሚገባ ተሕዋስ ነው። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ያልባል፤ ወገብና መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። ወባ ይመስላል፣ ታይፎይድ ይመስላል፣ የዲስክ መንሸራተት ይመስላል። ብርቄም ተመረመረች፤ ለሻይ ስታፈላው መኖሯ አተረፋት፣ ነጻ ናት።

«እና መድኃኒቱ ነው ያሳመመኝ?» አልኩት።

«መድኃኒት ብለህ የጠጣኸው ነው።»

ብርቄ ከክሊኒኩ ስንወጣ መንገድ ላይ ቆመች። «በገዛ እጄ» አለች። «በጾም ቀን፣ ቆሜ፣ በገዛ እጄ።»

ከወር ተኩል የማያንስ ክኒን ታዘዘልኝ፤ ሁለት ዓይነት። አንዱ ሽንትን የብርቱካን ጭማቂ ያስመስላል፤ እንዳትደነግጡ። አንዱ ፀሐይ ያስጠላል፤ ጁባ ላይ ፀሐይ ሽሽ ማለት ዓሣን ከውኃ ሽሽ ማለት ነው። ገና ግማሹን ሳልጨርስ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ወገቤ ላላ፤ በቃኝ ብዬ ላቆም ፈለግኩ። ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሯት ነበርና ብርቄ ኩባያ ውኃ ይዛ ፊቴ ቆመች፤ «ያን ሁሉ ወተት ስሰጥህ እምቢ አላልክም። ዋጥ!» ዋጥኩ። እናንተም የሻላችሁ ሲመስላችሁ አታቁሙ። ያቆመ ሰው በሽታው ጠንክሮ ይመለስበታል፤ ይህ የዶክተሩ ቃል ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ አላመኑም። ሊጠይቁኝ መጥተው «ወተት ሰው አሳመመ ሲባል በስንት ዘመኔ!» አሉ። «አባቶቻችን በጥሬ ወተት አድገው መቶ ዓመት ኖሩ።»

«የኖሩት ናቸው የሚያወሩት፣ ጋሽ ሙሉጌታ። የሞቱት መች መጥተው ይነግሩናል?»

«እንግዲህ ስግደቱንም ልትቀጥል ነው?»

«ጉልበቴ ይታጠፍልኝ እንጂ አሳምሬ እሰግዳለሁ።»

ኩባያቸውን ሳይነኩ ወጡ። ቤቴ ድረስ መጥተው መቆጣታቸውን አልረሳባቸውም፤ ስለሚወዱኝ ነው። ግን ፍቅርም ቢሆን መፍላት አለበት።

ለሚያነብ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ትኩሳት እየተመላለሰ ወገብህን ከያዘህ፣ ወባ ነው ያለህን ሦስተኛ ጊዜ አትመነው። የምትበላውንና የምትጠጣውን የማይጠይቅ ሐኪም ጋ ገንዘብህን አታጥፋ። የወደድከውን ነገር ስላልወደዱልህ ብቻ በሽታህን በእሱ ላይ ሲያላክኩ ደግሞ ዝም አትበል።

ክኒኑ ካለቀ በኋላ ዶክተሩ ቀስ ብለህ ብሎ ፈቀደልኝ። መምህሬ ግን ወዲያው አላስገቡኝም። ለብዙ ሳምንታት ጥግ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ምንጣፍ ጠረግኩ፣ ብቻዬን ተንከባለልኩ። ጉልበቴ ላይ መቀመጥ ቻልኩ። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል። ይጩኽ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተነሥ አሉኝ። ከቾል ጋር አቆሙኝ። ብርቄ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከትላኝ መጥታ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ምን ልታይ እንደመጣች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ለቾል ሰገድኩለት፤ ሰገደልኝ። እጁን ያዝኩት። ዞረ፤ ጎተተኝ፤ ከዚያ እንደ ዕንቁላል ይዞኝ ቀስ አድርጎ አስቀመጠኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ደህና ነህ?»

«ጣለኝ እንጂ!»

እንደገና ያዝኩት። እንደገና አቅፎ አስቀመጠኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ቆሞ ያያል። መምህሬ እጃቸውን አጣምረዋል። ደሜ ፈላ። «ቾል፣ ካልጣልከኝ ከዚህ አልወጣም። ጣለኝ።»

«አልችልም፣ ጋሼ። አሞህ ነበር። እትዬ ብርቄ እያዩ ነው።»

ከበሩ ሥር ድምፅ መጣ።

«ጣለኝ ብሎሃል አይደል እንዴ? ጣለው!»

ዞር ብለን አየናት። ተነሥታ ቆማለች። ነጠላዋ መሬት ወድቋል።

ያዝኩት። ቾል እንደ ሰው ዞረ። ጣሪያው አለፈ፣ ግድግዳው አለፈ፣ ወለሉ በሙሉ ጀርባዬ ደረሰብኝ፤ ድምፁ መጋዘኑን ሞላው። ጋደም ብዬ ወገቤን አዳመጥኩ። ቾል እጁን ዘረጋልኝ። እጁን አልያዝኩም። አንድ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ተነሣሁ።

ብርቄን አየኋት። እንባዋን እየጠረገች ነበር።

«አንዴ ደግሞ» አለችው ለቾል።